ራሱ ለአንዱ፣ ሣጥኑ ለሌላው

«ራሱን እዚህኛው መደብ ላይ፣ ሣጥኑን ደግሞ እዚያኛው ላይ አድርጉት።»

ሽታዬ ይህን የሰማችው ጓዳ ሆና ድንች ስትልጥ ነው። የተናገሩት አቶ ውዱ ናቸው፤ ድምፃቸው የለመደ ዳኛ ድምፅ ነው፣ አይጣደፍም፣ ይግባኝም አይጠብቅም። ወዲያው ሳሎን ውስጥ ከባድ ነገር ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት ተሰማና የያዘችው ቢላዋ ድንቹ ላይ ቆመ። የሚጎተተው የአባቷ የጊታር አምፕሊፋየር መሆኑን ለማወቅ መጋረጃ መግለጥ አላስፈለጋትም። ዕቃው ሁለት አካል ነው። ታችኛው ትልቁ ሣጥን ነው፤ ድምፁ የሚወጣው በሱ ሆድ ነው። ሣጥኑ ላይ የሚቀመጠውን አባቷ «ራስ» ይለው ነበር፤ ጊታሩ የሚሰካው፣ ቁልፎቹ የሚዞሩት፣ ሲሞቁ ቀስ እያሉ የሚቀሉት አምፖሎች ከወንፊቱ ጀርባ የተደረደሩት እሱ ላይ ነው። አሁን ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ማጉያ አምፖል የለውም። ይሄኛው ግን አውራጃው የኪነት ቡድን በነበረው ዘመን የመጣ የውጭ አገር ሥራ ነው፤ ራሱን ከሣጥኑ የምታገናኝ አንዲት ጥቁር ገመድ አለችው፣ ያቺን ገመድ አሁን ሰዎቹ ነቅለዋታል።

አቶ ውዱ እንጅባራ ውስጥ ቅርጫ በማካፈል የታወቁ ሰው ናቸው። በፋሲካና በገና የሰፈሩ በሬ ሲታረድ ቅጠል አስነጥፈው፣ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ በየመደቡ የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከሽንጡም ለሁሉም መደብ ይደርሳል። እስከ ዛሬ «የእገሌ ይበልጣል» ብሎ የተነሳ ሰው የለም። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሟች ዕቃ ለማካፈልም እሳቸውን መጥራት ጀመረ፣ እሳቸውም በያዙት ሕግ ቀጠሉበት። ሕጋቸው ያው የቅርጫ ሕግ ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ይድረሰው ነው። አምና የሁለት ወንድማማቾችን ዕቃ ሲያካፍሉ ሙቀጫውን ለታላቁ፣ ዘነዘናውን ለታናሹ ሰጥተው ከተማው ሲስቅ ከረመ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ «ሙቀጫና ዘነዘና የተካፈሉ ወንድማማቾች በርበሬ በተወቀጠ ቁጥር ይገናኛሉ» አሉ ይባላል። ነገሩ ጥበብ አለው፣ ማን ይክዳል። ወንድማማቾቹ ግን አንዱ ዘነዘና፣ ሌላው ሙቀጫ ገዝቶ ተገላገሉ።

ዛሬ የአባቷ የጋሽ እንግዳው ሙት ዓመት ማግስት ነው። ትናንት ድንኳኑ ተተክሎ፣ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሄዷል። ድንኳኑ ቢፈርስም አግዳሚዎቹ ግን ገና ግቢው ውስጥ እንደተደረደሩ ናቸው። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ አይካፈሉትም፤ በሽታዬ ስም ዞሯል። የሚካፈለው ውስጡ ያለው ነው። ከጫግኒ የመጣው ታላቅ ወንድሟ ስማቸው የእህል መጋዘኑን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ለሠራተኛ ትቶ ስለመጣ ዛሬውኑ መመለስ አለበት። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሰሌን ተነጥፏል፤ ሁለቱ መደቦች መሆናቸው ነው። የአባትየው አልጋ አንዱ ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ሌላው ላይ ተቆጠረ። ጋሽ እንግዳው በወጣትነቱ የፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበረና ኮርቻው አንዱ ላይ፣ ጊታሩ ሌላው ላይ ሆነ። ጊታሩና ራሱ ባንድ መደብ፣ ኮርቻውና ሣጥኑ በሌላው መደብ ተቀመጡ። ጓሮ ያለችው ላም ብቻ ከመደብ ውጭ ሆና ቀረች፤ አቶ ውዱ በሕይወታቸው የከፈሉት የታረደ ከብት እንጂ የቆመ አይደለም፣ ስለዚህ ተሸጣ ገንዘቧን ይካፈላሉ ተባለ። ለላሟ የታሰበላት ለአምፕሊፋየሩ አልታሰበለትም።

ሽታዬ ወጥታ «ይህ ዕቃ አይለያይም» ብትል በቀለለ። ግን የቅርጫ ሕግ ሁለተኛ አንቀጽ አለው፤ ባለዕጣ መደብ አይጠቁምም። «ይሄኛውን ወደድኩት» ያለ ሰው ሽማግሌውን አድልተሃል ያለ ያህል ነው፤ ነውር ነው፣ ለዓመታት ይወራበታል። በዚያ ላይ ሴት ናት፣ በዚያ ላይ ታናሽ ናት። ከወንድሟ ጋር ያላቸውም ነገር ለመናገር አያመችም። ተጣሉ እንዳይባል ጠብ የለም፤ ተስማሙ እንዳይባል ወሬ የለም። አባታቸው ታሞ በተኛበት ጊዜ ስማቸው ከጫግኒ ሙዝና ማንጎ እየላከ፣ ራሱ ግን ሳይመጣ ከረመ፤ እሷም ስልክ ሲደውል «ደህና ነው» እያለች፣ ደህና እንዳልሆነ ሳትነግረው ከረመች። አሁን ሁለቱም የሚነጋገሩት በሦስተኛ ሰው በኩል ነው፤ «ጨው ይኖር እንደሆነ ጠይቂልኝ» ይላል ለአክስታቸው፣ ሽታዬ አጠገቡ ቆማ እያለች።

እሷ የምትፈልገው ደግሞ ያንኑ ዕቃ ብቻ ነው። አልጋውንም ቁም ሣጥኑንም ይውሰደው። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ በሠርግ ላይ በሱ ቦታ ጊታር የምትጫወተው እሷ ናት። መጀመሪያ ሰዉ «ሴት ልጅ?» ብሎ ተገረመ፤ ኋላ ለመደው፣ አሁን ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ ሠርግ ያለው ሰው ቡድኑን ሲጠራ «የእንግዳው ልጅ ትኑርበት» ይላል። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ሰዉ የወደደው የሷን ጣት ብቻ አይደለም። ያ የሚሞቀው ማጉያ የሚያወጣው ድምፅ ወፍራም ነው፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ወሬ የሚያወሩትን ሽማግሎች ሳይቀር ትከሻቸውን ያነቃንቃቸዋል። ያለሱ ከሆነ ኦርጋን ተጫዋቹ አበረ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፣ ኦርጋኑ «ጊታር» ሆኖ ይጮሃል፣ አለቀ። የፊታችን እሁድ ዳንግላ ሠርግ አላት። ማጉያው ከተለያየ እሁድም የለም፣ ከዚያ በኋላ ያሉት እሁዶችም የሉም። ይህን ጓዳ ውስጥ ካሉት ሴቶች አንዳቸውም አያውቁም፤ አክስቷ ደብሪቱ እንኳ ጊታሩን የምታውቀው «ያ አባትሽን ከማረሻ ያስቀረው» እያለች ነው።

«ቆይ እንጂ» አሉ ሳሎን ውስጥ ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ አስማረ። እሳቸው በነገር ሁሉ አንድ «ቆይ እንጂ» አላቸው። «ይህ ዕቃ ይሠራል ወይ? ሰውየው ከሞተ ዓመቱ ነው። የሞተ ዕቃ መደብ ላይ ወጥቶ፣ ነገ አንዱ ባለዕጣ ሬሳ ሰጣችሁኝ ቢለን ምን እንመልሳለን?»

አቶ ውዱ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ጥንቃቄ ይወዳሉ። «እውነት ነው፣ በሕይወት መኖሩ ይታይ» አሉ። ሬዲዮውም፣ የግድግዳ ሰዓቱም፣ ካውያውም፣ አምፕሊፋየሩም ሁሉም ይፈተሽ ተባለ። ዕጣውም ከዚያ በኋላ ይጣላል። ግን መብራት የለም። ከጧት ጀምሮ እንደጠፋ ነው፤ ይጠበቅ ተባለ።

ሽታዬ ይህን ስትሰማ ድንቹን ድስት ውስጥ ጣለችና በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ካስተማራት ነገር ሁሉ መጀመሪያ ያስተማራት አንድ ነገር ነው፤ ራሱ ከሣጥኑ ሳይገናኝ ጊታር አይሰካበትም፣ አይመታበትም። አምፖሎቹ የሚያመነጩት ጉልበት መውጫው ሣጥኑ ነው፤ መውጫ ካጣ ተመልሶ የራሱን ትራንስፎርመር ይበላል። «አምፖል ከአዲስ አበባ ይመጣል» ይል ነበር ጋሽ እንግዳው፣ «ፊውዝም ይገኛል። ትራንስፎርመሩ ከሄደ ግን ሄደ፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።» እሱ አስቀድሞ ሄደ። ትራንስፎርመሩ ግን እስካሁን አለ። ማብራቱ ብቻውን አይጎዳውም፣ አምፖሎቹ ቀልተው ቢያዩዋቸውና ቢያጠፉት ምንም አይሆንም። የሚፈራው ጊታሩ ነው። ጊታሩ ደግሞ እዚያው መደብ ላይ፣ ከራሱ ጎን ተቀምጧል። ሽታዬ ስለዚህ በልቧ መብራት ኃይልን እስከ ማታ እንዳያመጣው ለመነች፤ በእንጅባራ ከተማ እንዲህ ያለ ልመና የለመነ ሰው ከሷ በፊት የነበረ አይመስልም።

ሳሎን ያሉት ጠላ ቀረበላቸውና መብራት እየጠበቁ ጨዋታ ያዙ። ጨዋታው ያው የሰሞኑ ጨዋታ ነው፤ ከሰል። ገበሬው ገብሱንና ድንቹን ትቶ ማሳውን ሁሉ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎበታል፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አቶ አስማረ የአንዱ ጆንያ ከሰል ዋጋ ከአንድ ኩንታል ድንች ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው አሉ፤ ልጃቸው የዛፉን ቦታ ሸጦ ባጃጅ ገዛ፣ ባጃጁ ግን እየተበላሸ ጋራዥ ውሎ ጋራዥ ያድራል። አቶ ውዱ «መሬት ሸጦ ጎማ መግዛት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስማቸው በጫግኒ ስላለው የሰሊጥና የበቆሎ ዋጋ ተጠየቀና አጠር አድርጎ መለሰ። ድምፁ የአባቱን ይመስላል፤ ሽታዬ ይህን በሰማች ቁጥር አባቷን ትናፍቃለች፣ ከዚያ ትናደዳለች። ስማቸውም ያንን የአባቱን ሕግ ያውቃል። በልጅነቱ ሣጥኑን ተሸክሞ ሠርግ ቤት ያደርስ የነበረው እሱ ነው። ማወቅስ ያውቃል፣ ያስታውሰው እንደሆነ ነው እንጂ።

ምሳ ደረሰ። ትናንት የተረፈው ወጥ ሞቀ፣ ድንቹ ተጨመረበት። ሽታዬ የእጅ ውሃ ለማስታጠብ ማንቆርቆሪያና ሳህኑን ይዛ ወጣች፤ ሴት ከወንዶቹ መሐል ገብታ እያንዳንዱ ፊት የምታጎነብስበት ምክንያት ይሄ ብቻ ነው። መጀመሪያ አቶ ውዱን አስታጠበች፣ «ጌታ ይባርክሽ ልጄ» አሏት። ቀጥሎ አቶ አስማረን። ዓይኗ ሰሌኖቹ ላይ አረፈ፤ የማጉያው ራስ ብቻውን መሬት ላይ ተቀምጦ ትንሽ ሆኖ ታያት። ወንድሟ ጋ ስትደርስ ዝቅ አለችና ውሃውን አፈሰሰች።

«አያ» አለችው በጣም ቀስ ብላ፣ «ሣጥኑ ሳይገናኝ ጊታሩን እንዳትሰኩት። ይቃጠላል።»

አቶ አስማረ ስለ ባጃጁ እየተናገሩ ነበር። ውሃውም ሳህኑ ላይ ይንኳኳል። ስማቸው ዓይኑን ከእጁ ሳያነሳ መዳፉን ከመዳፉ አሻሸ፣ አራገፈ፣ «በቃኝ» አለ። ለውሃው ይሁን ለወሬው አልታወቀም። ልትደግምለት አሰበች፤ አቶ ውዱ ግን «እንጀራው ይቅረብ» አሉና ተመለሰች። ጓዳ ገብታ ሳህኑን አስቀመጠች። ሰምቷል ብላ ራሷን አጽናናች። ሰው በጆሮው ሥር የተነገረውን እንዴት አይሰማም።

እየተበላ ሳለ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት አንዴ አጓርቶ ተነሳ። ግቢው ውስጥ ያሉት «መጣ!» ብለው ጮኹ። ሳሎኑ ውስጥ ያለችው አምፖል በራች፣ ማቀዝቀዣው አጉረመረመ፣ እጅ መታጠቡ እንኳ ሳይደገም ሁሉም ወደ ሰሌኖቹ ተነሱ። ሽታዬ መጋረጃውን በትንሹ ገለጠች። አክስቷ ደብሪቱ ከኋላዋ መጥታ አብራ ማየት ጀመረች። ሬዲዮው ተሰካ፣ ዜና አወራ፣ በሕይወት አለ ተባለ። ካውያው ሞቀ። ቀጥሎ ስማቸው የማጉያውን ራስ ገመድ ግድግዳው ላይ ሰካና ማብሪያውን ጫነ። አምፖሎቹ ሳይቸኩሉ ቀሉ፤ አቶ አስማረ ጎንበስ ብለው በወንፊቱ ውስጥ አይተው እጃቸውን አስጠጉና «ይሞቃል!» አሉ ተደንቀው። አቶ ውዱም «ሕይወት አለው» ብለው ፈረዱ። ሽታዬ መጋረጃውን መመለስ ጀመረች። አልቋል ብላ ነበር።

«ቆይ እንጂ» አሉ አቶ አስማረ። «ሙቀትማ ምድጃም አለው። የዚህ ሥራው ድምፅ አይደል? ጊታሩም እዚሁ መደብ ላይ ነው፣ ይሞከርበት።»

«ያ ሣጥን አብሮ የሚሠራ ይመስለኛል» አለ ስማቸው ዝግ ብሎ።

«መደብ ከመደብ አይነካካም» አሉ አቶ ውዱ። «ሥጋ አንዴ ከተመደበ አይመለስም። እዚህ ያለው እዚህ ካለው ጋር ይሞከር፣ እዚያ ያለውም በራሱ ይታያል።»

ስማቸው የጊታሩን ገመድ አነሳ። ጫፏን በጣቱ ይዞ ቆመና ወደ መጋረጃው ተመለከተ። ረዘም ያለ ጊዜ ተመለከተ፤ አቶ አስማረ «ምነው፣ ቀዳዳው ጠፋህ?» እስኪሉት ድረስ። ሽታዬ መጋረጃውን ጨበጠች። አሁን ይናገራል አለች። አሁን «ይህ ነገር ይቃጠላል፣ እህቴ ነግራኛለች፣ አባቴም ሲል አውቃለሁ» ይላል። አንድ እግሯ መጋረጃውን አልፎ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። በዚህ ጊዜ አክስቷ የነጠላዋን ጫፍ ያዘቻት።

«ተይ» አለቻት በሹክሹክታ። «ሽማግሌ መሐል ገብተሽ ስማችንን እንዳታስነሺ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ደብሪቱ ቀጭን፣ ነፋስ የሚገፋት አሮጊት ናት፤ እጇን ሕፃን ልጅ እንኳ ያስለቅቃታል። ሽታዬ አላስለቀቀችም። ስማቸው ገመዱን ሰካ።

ክሩን አንዴ መታው። ከሣጥኑ አንዳች አልወጣም፤ እንዴትስ ይወጣል። ከራሱ ሆድ ውስጥ ግን ቀጭን፣ የትንኝ ያህል ዜማ ተሰማ፤ ያ ትራንስፎርመሩ ነበር፣ ጭንቀቱን ራሱ እየዘፈነ። አቶ አስማረ ጆሯቸውን አስጠግተው «ይናገራል፣ ግን አፉን ዘግቶ ነው!» አሉ። ሰው ሳቀ። «ጨምረው፣ ጨምረው» ተባለ። ስማቸው ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረና ክሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ መታ። ከወንፊቱ ጀርባ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፣ እንደ ደረቅ እንጨት የሚሰበር ድምፅ ተሰማ፣ አምፖሎቹም ጨለሙ። ቤቱን የተቃጠለ ላስቲክና የሰም ሽታ ሞላው። አቶ አስማረ ወደ ኋላ ሲሉ በርጩማ ገልብጠው ወደቁ፣ የሳቀ ግን አልነበረም። ሽታዬ መጋረጃውን ለቀቀችው። አባቷ የሞተ ዕለት አላለቀሰችም ተብላ ታምታ ነበር፤ አሁን ሽንኩርት መክተፊያው አጠገብ ተንበርክካ አለቀሰች፣ አክስቷም ጭሱ ነው ብላ መስኮት ከፈተች።

አቶ ውዱ በጣም አዘኑ፤ ይህን መካድ አይቻልም። በዘመናቸው ሁሉ በሳቸው እጅ መደብ ላይ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ከአቶ አስማረ ጋር ወደ በሩ ወጣ ብለው በአዊኛ ተነጋገሩ፤ ምስጢር ነገር ሲሆን ሽማግሎቹ የሚነጋገሩት በዚያ ነው፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ግን ይሰማዋል። ተመልሰው ገብተው ቆመው ፈረዱ። «በመደብ ላይ የጎደለ በመደብ ላይ ይሞላል። ላሟ አትሸጥም። ይህ ዕቃ ለሞተበት መደብ ምራቂ ትሁን፣ የደረሰው ባለዕጣ ይውሰዳት። ስማቸው፣ ቅር ይልሃል?» ስማቸው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። የምትታለብ ላም መሆኗን፣ በዚህ ሰሞን ገበያ ምን እንደምታወጣ የማያውቅ ነጋዴ አይደለም። ፍርዱ ግሩም ነው ተባለ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ከአቶ ውዱ በቀር ማን ይፈርዳል ተባለ።

ዕጣው ተጣለ። ረጅሙ ስንጥር የስማቸው፣ አጭሩ የሽታዬ ሆነ፤ የማን የማን እንደሆነ ያልተነገራት ደብሪቱ ከጓዳ ተጠርታ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አኖረች። አጭሩ የማጉያው ራስ ያለበት መደብ ላይ አረፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። «ላሟ ላንቺ ደረሰች!» አለች ደብሪቱ ተንሰፍስፋ፣ «እግዜር እኮ የደከመን አይረሳም፣ አባትሽን ያስታመምሽበት ነው!» ሽታዬ ፊቷን ታጥባ ወጣች፣ የሁለቱን ሽማግሎች ጉልበት ሳመች፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለች። አቶ ውዱ ግንባሯን ስመው መረቋት። ሽታቸው የጠላና የአሮጌ ጋቢ ነው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ይህን ታውቃለች፣ ሊጠሉ የሚችሉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር።

ሽማግሎቹ ከሄዱ በኋላ ባጃጅ መጣች። ስማቸው አልጋውን ሌላ ጊዜ በጭነት መኪና እወስደዋለሁ ብሎ ኮርቻውን ብቻ ባጃጇ ኋላ ላይ ጫነ። ከዚያ ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ፤ ግን ወደ ባጃጇ አልወሰደውም፣ ደጃፉ ላይ፣ እህቱ እግር ሥር አስቀመጠው። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ።

«አንቺው ያዢው» አለ። «እኔ ጫግኒ ወስጄ ምን ላደርገው። ከመጀመሪያውም፣ ዕጣው ካለቀ በኋላ፣ የደረሰኝን ላንቺ ልተወው ነበር ሐሳቤ።»

ሽታዬ ሣጥኑን አየችው። ጥግጥጉ የተላጠ፣ መሸፈኛ ጨርቁ አባቷ በእጁ የጠቀመው ነው።

«ነግሬህ ነበር፣ አያ» አለች።

«ሰምቼሽ ነበር።»

«ሰምተህ ነው የሰካኸው?»

ስማቸው የባጃጇን ጣሪያ በመዳፉ ደገፈ። ሾፌሩ መናኸሪያ የመጨረሻው የጫግኒ ሚኒባስ እየሞላ ነው አለው። «ለአቶ ውዱ ሣጥኑ አብሮ ይሠራል ካልኳቸው በኋላ፣ አይሆንም ካሉኝ በኋላ፣ እንደገና ብከራከር መደቡን ለራሴ የፈለግሁት ይመስል ነበር» አለ። «ገመዱን ይዤ ቆሜ አልነበረም? መጋረጃው ሥር እግርሽን አይቼዋለሁ። ትወጪ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁሽ።»

እሷም እሱን ስትጠብቅ ነበር። ይህን ልትለው አፏን ከፈተች፣ ግን ባጃጇ ተነሳች፣ እሱም ዘሎ ገባ፤ ኮርቻው ኋላ ላይ እየተንገጫገጨ በኮብልስቶኑ መንገድ ወረዱ። ምናልባት ከዓመታት ወዲህ የተነጋገሩት ረጅሙ ነገር ይህ ነው። ሽታዬ ሣጥኑን ገፋ ገፋ እያደረገች ወደ ሳሎን አስገባች፣ ራሱን አንስታ በቦታው ላዩ ላይ አኖረችው፣ ጥቁሯን ገመድ ፈልጋ አገናኘችው። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ማብሪያውን ጫነች። የበራ ነገር የለም። ፊውዙን አውጥታ ሌላ አስገባች፣ እሱም ወዲያው ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ አልሞከረችም፤ ስልኳን አነሳችና ለአበረ ደወለች፣ እሁድ ዳንግላ መምጣት እንደማትችል፣ ማጉያው እንደተበላሸ ነገረችው። አበረ ሚኒባስ ውስጥ ነበር መሰል፣ ጩኸት አለ፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል።

«ውይ!» አለ። «ታዲያ አታስቢ፣ በኦርጋኑ እንሸፍነዋለን። ከዚህ በኋላ ላሉትም ቢሆን አትጨነቂ።»

አመስግና ዘጋችው። ጀምበር ስትጠልቅ የእንጅባራ ብርድ ወረደ፣ ጎረቤቶች ደግሞ አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር። ወሬው ከሷ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሷል። ወደ ጓሮ ዞረው ላሟን አዩ፣ ጡቷን ዳበሱ፣ ጥጃዋ ጡት መቼ እንደምትተው ጠየቁ፣ አንዷ ከነገ ጀምሮ ወተት በሊትር ስንት እንደምትሸጥላት አሁኑኑ ልትዋዋል ፈለገች። «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት ሁሉም፤ እሷም «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች ለሁሉም። ስትመጣ የዘገየችው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ሳሎን ድረስ ገባችና ዙሪያውን ቃኘች፤ ጊታሩንና ተደራርቦ የቆመውን ዕቃ አየች።

«ከላሟ ሌላስ ምን ደረሰሽ?» አለቻት።

«ሁሉም» አለች ሽታዬ።